ከባለቤቱ አፍ

የነገው ጋዜጣና የነገው ሬዲዮ አዘጋጆች የምትሆኑ ተማሪዎች፤

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ፥ ቤተ ክርስቲያን መፃጉዕ ብላ በሰየመችው ሰንበት፥ በዚህ በባሕር ዳር ከተማ ከጊዮርጊስ እስከ ሽምብጥ ሚካኤል ባሉት አድባራት ሁሉ የሚነበበው ወንጌል፥ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ሙሉ በአልጋው ተኝቶ ስለ ኖረው ድውይ የሚናገር መሆኑን ብዙዎቻችሁ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ የሰማችሁት ነው። ሊቃውንቱ ያን ንባብ በአንድምታ ሲያፍታቱት የሚያወጡለት ምሥጢር ብዙ ነውና እኔ በእነርሱ ወንበር ልቀመጥ አልደፍርም፤ ነገር ግን ወሬ መሰብሰብና መጻፍ ሙያዬ ሆኖ ስለ ኖርሁ፥ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ዘወትር ያስደንቁኛል። አንደኛው፥ ጌታ ድውዩን ከመፈወሱ አስቀድሞ የጠየቀው መሆኑ ነው፤ የልብን የሚያውቅ እርሱ፥ መዳን ፈቃዱ መሆኑን ከሰውዬው አንደበት ሊሰማ ወደደ። ሁለተኛው የድውዩ መልስ ነው፤ ስለ እግሩ መዛል፥ ስለ ሥጋውም ድካም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፥ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፥ እርሱ እየተንፏቀቀ ሲደርስም ሌላው ቀድሞት እንደሚወርድ ተናገረ። ስለ ደዌው የተጠየቀው ሰው መንገዱንና ጎረቤቱን ከሰሰ። በ38 ዓመት ውስጥ በአጠገቡ ሲያልፉ የኖሩት ሰዎች ይህን መልስ ሳይሰሙ የቀሩት፥ መልሱ የተሰወረ ሆኖ አይመስለኝም፤ ጠያቂ ጠፍቶ ነው።

ዛሬ እንድናገርበት የታዘዝሁት ርእስ፥ በአገር ቤት ተቀምጦ ለአገር ቤት አንባቢና አድማጭ የሚሠራ ጋዜጠኛ ስለ አካል ጉዳት፥ ስለ ጤናና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ እንዴት ሊጽፍ ይገባዋል የሚል ነው። የእኔም ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ይጠየቅ። አበው ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብለዋል። (ይህ ተረት ራሱ የስንቱን ሸማኔና የስንቱን ሸክላ ሠሪ ልብ እንዳቈሰለ አልዘነጋሁም፤ ለዛሬ ፍሬውን ወስጄ ገለባውን እተወዋለሁ።) ይህንም ነገር በዚህ ግቢ መናገር ደስ የሚያሰኝበት ምክንያት አለ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፔዳ የሚለው ይህ ስፍራ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ሲመሠረት፥ ዋና ዓላማው ትምህርትን ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበርና፥ ከዚህ በር ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ መሄድ እዚህ የቆየ ልማድ እንጂ አዲስ ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ በየጊዜው የምናነበውንና የምንሰማውን የአካል ጉዳት ዜና መልኩን እንመርምረው። አዳራሽ አለ፤ በግድግዳው ላይ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተሰቅሏል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ ከንግግሩ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበሮች ይታደላሉ፤ ወንበሩን የተቀበለው ሰው የክብር እንግዳውን እጅ ሲጨብጥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጋዜጠኛውም የሰጪውን ሙሉ ስምና ማዕርግ፥ የወንበሮቹን ቍጥርና የገንዘቡን ልክ ጽፎ ሲያበቃ፥ ተቀባዩን «አንድ ተጠቃሚ» ብሎት ያልፋል። ያ ወንበር ከስድስት ወር በኋላ ጎማው ቢተነፍስ የት እንደሚለወጥ፥ ኮብልስቶን በተነጠፈው የሰፈር መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሄድ፥ ባጃጅ ላይ ሲጫን ነጂው ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቅ እንደ ሆነ፥ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከስንት ደረጃ በላይ እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ግን አለ፤ የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዟል። ይህን ዐዋጅ በኪሱ ይዞ፥ በክራንች ከሚሄድ አንድ ሰው ጋር ከፔዳ በር ተነሥቶ እስከ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አብሮ የሚጓዝ ዘጋቢ፥ በመንገዱ ላይ ካሉት ባንኮች፥ ፋርማሲዎችና መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚያገኘው ዜና፥ በአሥር ዐውደ ጥናት ተቀምጦ ከሚያገኘው ይበልጥበታል፤ አበል የማይከፈልበት መሆኑ ብቻ ጉድለቱ ነው።

ወደ ጤና ነገር ልለፍ፤ በእኛ አገር ጤናና አካል ጉዳት ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉምና። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው፥ በእናቱ ወይም በአያቱ አንገት ከማተቧ ጋር የምትንጠለጠለውን ወረንጦ ያውቃታል። እሾህ ለማውጣት ብቻ አልነበረችም፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኗን ብሌን የሚፈትጋት ሴት በዚያች ወረንጦ ጸጉሩን አንድ በአንድ እየነቀለች ለጥቂት ቀን ታርፋለች፤ ሲያድግ ግን ሻክሮ ይመለስባታል። ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ በሕፃንነት ይጀምርና፥ እየተመላለሰ በያዘ ቍጥር የዓይንን ሽፋን ከውስጥ እያቈሰለና እያጠበበ፥ በጉልምስና ወራት እስከዚህ ያደርሳል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ከመቶው 62.6ቱ በሽታው ንቁ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማእከል ጋር ሆኖ መድኃኒቱን ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አድሏል፤ መጸዳጃ ቤት እንዲቈፈር፥ የሕፃናት ፊት እንዲታጠብ ሰብኳል፤ ሽፋሽፍቱ የታጠፈበትን ሰውም በቅርብ ጤና ጣቢያ የሚያክም ባለሙያ አሰልጥኗል። ይህ ሁሉ በጋዜጣ ተጽፏል፤ በደንብም ተጽፏል። ያልተጻፈው፥ ሕክምናው በነፃ ሆኖ በቅርብ እያለ ወረንጦዋን የመረጠችው ሴት ለምን እንደ መረጠች ነው። ብትጠየቅ፥ ዓይኗ በታሸገበት ቀን ውሃ የሚቀዳላት፥ ሕፃኑን የሚያዝልላት፥ ከጤና ጣቢያው እጇን ይዞ የሚመልሳት ሰው እንደሌለ ትናገራለች፤ መልሷም የመፃጉዕ መልስ ነው። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃው፥ ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ስለሆኑ መሆኑን ስናስብ ደግሞ፥ ነገሩ የዓይን ብቻ ሳይሆን የቤት ውስጥ ሥራ ክፍፍልም ጕዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዝሆኔ ነገር ለርእሴ ምስክር ይሆነኛል። በቈላማ አገር ይህ የእግር ማበጥ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሲሆን፥ በደጋውና በወይና ደጋው፥ ይልቁንም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፥ ትሉ በማይኖርበት ከፍታ ላይ ብዙ ሺሕ ሰዎች እግራቸው አብጦ መገኘቱ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን ያስቸገረ እንቆቅልሽ ነበር። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደክሞ ያስረዳው፥ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን ነው፤ ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በውስጡ የያዛቸው ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ሰርገው ይገቡና፥ ለዓመታት ሲጠራቀሙ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሰውን ሥር ይደፍኑታል። በአገራችን በዚህ ደዌ የተያዘው ሰው 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። መከላከያው ጫማ ነው፤ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። በመላው የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል የሚያሠቃይ፥ ይህን ያህልም በቀላል ነገር የሚቀር በሽታ ብዙ አይገኝም።

ሕዝቡ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዳንዱ ምች ነው፤ አብዛኛው ግን ዘር ነው ይላል፤ ስለዚህም ከዚያ ቤት ልጅ አያገባም፥ ልጁንም አይድርም። ጋዜጠኛ ወደዚያ ሲሄድ፥ «የተሳሳተ አመለካከት» የሚለውን ቃል ከከተማ ተሸክሞ ስለሚሄድ፥ ሰዎቹ ምን አይተው ዘር እንዳሉት ሳይጠይቅ ይመለሳል። ቢጠይቅ፥ በአንድ ቀዬ አንድ ዓይነት አፈር እየረገጡ፥ አንዱ ቤተሰብ ሦስትና አራት ሰው ሲታመምበት ጎረቤቱ ደኅና ሆኖ እንደሚኖር በሰማ ነበር። በፋሲል ተኮላ መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት፥ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚያ አፈር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ስላሳየ፥ ገበሬው ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ያልታወቀው፥ በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ መሆኑና፥ ጫማ የተጫማ እግር ግን ከማንም ቤት ቢወለድ የማይታመም መሆኑ ነበር። ይህን አስማምቶ ለማስረዳት የሚችል ጽሑፍ፥ ሕዝቡን ከመገሠጽ የሚጀምር ጽሑፍ ሊሆን አይችልም። በፕራይስ ዘመን አንዳንድ ተመራማሪዎች በገበያ ቀን ቆመው እግሩ ያበጠውን ሰው እየቈጠሩ የበሽታውን ስፋት ለመገመት ሞክረዋል፤ ብልኀቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የታመመችው፥ ከሽታውና ከሰው ዓይን የተነሣ ገበያውን፥ ዕድሩንና የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ከተወች ዓመታት ያለፏት ሴት፥ በዚያ ቍጥር ውስጥ የምትገባ አይመስለኝም። እርሷን ለማግኘት ከገበያው አልፎ እስከ ቤቷ መሄድ ያስፈልጋል። ቤቷም የደረሰ ሰው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ በየጊዜው እየነደደ ለቀናት የሚያስተኛትን የእግሯን ትኵሳት፥ ደግሞም በዕርዳታ የመጣላት ጫማ ባበጠው እግሯ አልገባ ብሎ ከአልጋው ሥር እንደ ተቀመጠ። በወላይታ ሶዶ ይህ ነገር አስቀድሞ ስለ ታወቀ፥ ሕሙማኑ ራሳቸው ጫማ መስፋት ተምረው በእግራቸው ልክ የሚሆን ጫማ ይሠሩ ነበር።

ቍጥርም ቢሆን ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሲቀር ይስታል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በመላው ኢትዮጵያ 805,492 አካል ጉዳተኞች መኖራቸውን መዘገበ፤ ይህም ከመቶ አንድ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2011፥ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባወጡት ሪፖርት ላይ የኢትዮጵያ ልክ ከመቶ 17.6 ሆኖ ተጻፈ። አንድ አገር፥ ተቀራራቢ ዘመን፤ ቍጥሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። መለኪያው የተለያየ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቈጣሪው በራፍ ላይ ቆሞ ከቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ብሎ አባወራውን ሲጠይቅ፥ አባወራውም በጓዳ የተቀመጠችውን ልጁን እያሰበ የለም ብሎ ሲመልስ፥ የጠፋው ሰው ስንት እንደሚሆን ማሰብ ነው። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ፥ ፈሪሳውያን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ወላጆቹን ጠርተው በመረመሯቸው ጊዜ፥ ወላጆቹ ልጃቸው ለአካለ መጠን የደረሰ ስለ ሆነ ራሱ እንዲጠየቅ አሳሰቡ። ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው የተናገሩት ቢሆንም፥ ለጋዜጠኛ ከዚህ የተሻለ ምክር በየትም አላገኘሁም። ዛሬም ከአንድ መስማት ከተሳነው ወጣት ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መሆኑ ቀርቶ በወንድሙ ወይም በእናቱ ሲደረግ፥ እናቲቱ ስለ ልጇ ድካም ስትናገር ትውላለች፤ እርሱ ግን ስለ ደመወዙ ሊናገር ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቱ በማይጠየቅበት ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሰው ከሁለት መልክ አይወጣም፤ ወይ ምስኪን ነው፥ ወይ ተአምር ነው። ምስኪኑ አንባቢው እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ ይጻፋል፤ ተአምሩ ደግሞ አንባቢው ራሱን ነቅንቆ፥ ይህ ሰው ዓይን ሳይኖረው ይህን ከሠራ እኔ ምን ሠራሁ ብሎ እንዲገሠጽ ይጻፋል። በሁለቱም ጽሑፉ ስለ አንባቢው ነው። የሚያሳዝነው፥ ይህ ልማድ የአገራችን ነባር ልማድ አለመሆኑ ነው። ጎጃም በቅኔውና በዜማው ጉባኤ ዓይነ ስውራን መምህራንን ከፍ ባለ ወንበር ሲያስቀምጥ የኖረ አገር ነው፤ በቃል በሚወረስ ትምህርት ውስጥ ዓይን ማጣት ከመምህርነት አያግድም፤ ተማሪውም መምህሩን የሚፈራቸው በቅኔ ተጠያቂነታቸው እንጂ የሚያዝንላቸው በዓይናቸው አልነበረም። በእናት ቤተ ክርስቲያናችን በእስክንድርያም ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ፥ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ተምሮ፥ በ4ኛው መቶ ዘመን በቅዱስ አትናቴዎስ ፈቃድ የዚያች ከተማ ታላቅ ትምህርት ቤት ሊቅ ሆኗል። በእኛ ዘመን ደግሞ በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ የጠፋው የትነበርሽ ንጉሤ፥ በሕግ ሙያዋና ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች፤ ዓይኗን ማጣቷ በአካባቢዋ ልማድ ከነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ይህን ቃል ለእርሷ የሚጽፍላት ሌላ ሰው ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ምስኪንም ተአምርም በሚለው ሣጥን አይገባምና።

አሁን የአገር ቤት ጋዜጠኛን ከሌላው ሁሉ የሚለየውን ነገር ላንሣ፤ እርሱም ቅርበት ነው። ከሩቅ የመጣ ዘጋቢ ጽፎ ይሄዳል፤ የጻፈባት ሴት ፊት በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ለማንም አይታወቅም። እናንተ ግን በባሕር ዳር ስትጽፉ፥ ነገ ጠዋት ጋዜጣውን የሚገልጠው ሰው የእርሷ ጎረቤት፥ የቀድሞ ባልዋ፥ የልጅዋ መምህር ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሲከፍት፥ በረጅም ምጥ ሕፃኗንም ሽንት የመቈጣጠር አቅሟንም ያጣች ሴት ከእንግዲህ እስከ አዲስ አበባ ሳትጓዝ ሕክምና አገኘች፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕክምናው ሲቀርባት የጋዜጠኛውም ካሜራ አብሮ ቀረባት። ከአገሯ ተሰውራ የመጣችው እርሷ፥ ከቀዬዋ በአንድ ቀን አውቶቡስ ርቀት ላይ በስሟና በመልኳ ብትታተም፥ የዳነው አካሏ ወደማይቀበላት መንደር ይመለሳል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ወረቀት አስፈርሞ መሄድ አይደለም፤ ማን ሊያነበው እንደሚችል በስም እየጠሩ አስረድቶ፥ ዛሬ እሺ ብላ ነገ ብትጸጸት ስሟን ለማውጣት ቃል መግባት ነው። ኤች አይ ቪን በተመለከተ ይህን ትምህርት አገራችን በብዙ ዕንባ ተምራዋለች።

ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒትም አንዲት ቃል ልጨምር፤ በዚህ ክፍል ብዙ ጋዜጠኞች ሲሰናከሉ አይቻለሁና። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም ጸበላቸውንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው፥ ምእመኑን ከሁለት አንዱን ምረጥ ከሚለው ጭንቀት አሳርፎታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ በተነሣ ጊዜም የነበረው ጥያቄ እምነቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚል አልነበረም፤ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ሲሰበሰብ የሚጠጣው ውሃ ከየት ይቀዳል፥ መጸዳጃው የት ነው፥ የታመመውስ በምን ተሸክመው ያወጡታል የሚል ነበር። ጸበልተኛውን እንደ ሞኝ የሚቈጥር ጠያቂ ከጸበልተኛው አንድም እውነት አይሰማም።

ባለቤቱን መጠየቅ ስል፥ ባለሥልጣኑ አይጠየቅ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቱ የተናገረውን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ የሥራው ሁለተኛ እኩሌታ ነው፤ ይህ እኩሌታ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከወሎ ረሃብ የተሻለ ምስክር የለንም። በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ በመኪና መንገድ ዳር ወድቆ ሳለ፥ በጋዜጣና በሬዲዮ የነበረው ዝምታ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ፤ ከእነርሱ በኋላ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናተን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በአገሩ ታየ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ያን ፊልም በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው፤ ያን ጊዜም የታየው ለሌላ ዓላማ ተቈራርጦ ነበር። የወሎ ሰው ስለ ራሱ ረሃብ የተናገረውን፥ የወሎ ጎረቤት በባዕድ አፍ ዞሮ ሰማው። ሌላው ዓለምም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ታሊዶማይድ የተባለውን ማስታገሻ በእርግዝናቸው ወራት የወሰዱ እናቶች አካላቸው የተጎዳ ከአሥር ሺሕ በላይ ሕፃናት በወለዱ ጊዜ፥ በእንግሊዝ ወላጆቹ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲንገላቱ ኖረው፥ የሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ አዘጋጅ ሃሮልድ ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ነገሩን ከነምክንያቱ ለማተም ተነሣ፤ ፍርድ ቤት ከለከለው፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የፈረደለት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያስታገሠው፥ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ ልጆቹን ያየ ጋዜጠኛ መኖሩ ይመስለኛል።

ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳንርቅ በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ አሉ። ጎብኚ ሁሉ ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ጋዜጣውም በጣና ትርኢት ላይ ታንኳቸውን ያወጣል፤ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤት አብሯቸው ከማዕድ ሳይቀርብ የኖረበትን ዘመን ግን እንደ ተረት ያልፈዋል። ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ትል በቀንድ አውጣ አድጎ፥ ውሃ ውስጥ በቆመ እግር ቆዳ የሚገባ መሆኑን የሚያውቅ ዘጋቢ፥ ቀኑን ሙሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ ደንገል የሚያጭደውን ሰው ስለ ታንኳው ጥበብ ከመጠየቁ በፊት፥ ሆዱን ያመው እንደ ሆነ፥ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚነካውና የማይነካው ባለሙያ እንዳለ፥ ከተማው የሐይቁን ዳር ተከትሎ ሲሰፋ እርሱ የት እንደሚሄድ ቢጠይቀው ወደድሁ። ወጣቶቻቸው ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋልና፥ ከሁሉ የሚሻለው ከእነርሱ አንዱ ራሱ ጠያቂ ሆኖ በዚህ ክፍል ሲማር ማየት ነው።

ይህም ወደ ዝግጅት ክፍሉ ያመጣኛል። በ1987 ዓ.ም. በኩር ጋዜጣ መታተም ከጀመረ ወዲህ ክልሉ የራሱ ልሳን አግኝቷል፤ የክልሉ ሬዲዮ በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በአዊኛ፥ በኽምጥኛና በኦሮምኛ መናገሩ ለጤና ትምህርት ከብዙ ዐዋጅ ይበልጣል። የመገናኛ ብዙኀን ዐዋጅ ቍጥር 1238/2013 ደግሞ የማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኀንን ከንግድና ከሕዝብ ተቋማት ለይቶ ያውቃል። አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው የደነገገው ዐዋጅ ቍጥር 568/2000 ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው፤ ነገር ግን በየዝግጅት ክፍሉ ዓይነ ስውር ዘጋቢ፥ በክራንች የሚሄድ የካሜራ ባለሙያ፥ መስማት የተሳነው አርታኢ ስንት አለ? በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ለሬዲዮ የተፈጠራችሁ መሆናችሁን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገው፥ የሥራ ማስታወቂያው ሲወጣ «ሙሉ ጤነኛ» የሚለውን ቃል የጻፈውን ሰው ስልኩን ፈልጎ መጠየቅ ነው፤ ይህም አንድ ዜና ይወጣዋል።

ስለ ሥራው የቀረኝ አንድ ልማድ ነው። የጻፋችሁለትን ሰው በስድስት ወሩ ተመልሳችሁ ጠይቁት። ወንበሩ ይሽከረከር እንደ ሆነ፥ ጫማው ልኩ እንደ ሆነ፥ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ጎረቤቱ ምን እንዳለው፥ እናንተ የጻፋችሁት ስሕተት ካለበት ምን እንደ ሆነ እርሱ ይነግራችኋል። አርታኢው ለዚህ መኪና አይሰጣችሁም፤ ባጃጅ አለ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ የጥያቄው ሰዓት ግን ገና ነው። ወደ መድረኩ ደረጃ መውጣት ለማይመቻቸው የድምፅ ማጉያው እስከ ወንበራቸው እንዲደርስ አደራ እላለሁ፤ ከወደ ኋላ ካሉት እንጀምር።